የቆጣሪ አንባቢው ሁለተኛ ደብተር

ታክሲው «መጨረሻ!» ብሎ ሰው ከሚያራግፍበት፣
አስፋልቱ ጠጠር፣ ጠጠሩ ጭቃ ከሚሆንበት፣
ውሻና ግሬደር ጎን ለጎን ከሚያድሩበት፣
ከኮዬ ፈጬ ጫፍ ነው የእኔ እንጀራ፤
ደረጃ መውጣት፣ የመብራት ቆጣሪ ቆጠራ።

ቁጥር ነበር የማየው፣ ሰው አላይም ነበር።
አንዲት ሱቅ ግን፣ ከብሎኩ ሥር፣
ቀን ቀን ቆጣሪዋ ድርቅ ትልና
ማታ ትጋልባለች፣ ወፍጮ ያላት ሆና።
«ብየዳ ነው» አልኩ፣ «አለዚያም ሌብነት»፤
ሐሙስ አመሻሽ ላይ ሄድኩኝ ልደርስባት፣
ባትሪዬን አብርቼ፣ ፎርሜን በእጄ ይዤ፣
ለቅጣቱ ቁጥር እስክሪብቶ መዝዤ።

የላሜራው በር ገርበብ ብሏል። ውስጡ አራት ሰው፤
ግድግዳውን የእንቁላል ካርቶን አልብሰው።
ጉተማ ቤዝ ይዟል፤ ብሎኬት ሲያወጣ የዋለ ጣቱ
ገና ነጭ ነው፤ ሲሚንቶ ያራግፋል በየምቱ።
ድራሙ ሦስት የቀለም ባልዲ፣ አንድ ሲምባል ጥርሱ የወለቀ፤
የሚመታው ኢዮስያስ ዓይኑን ጨፍኖ የራቀ።
የወይንሐረግ ክራር ሆዱ በሽቦ ተሰፍቶ
ከአሮጌ ሬዲዮ ጋር ተጋብቶ።
ሲፈን ትዘፍናለች፣
የፋብሪካ ባጇን ከአንገቷ ሳታወልቅ፦

«ዕጣ ወጣልኝ አሉ አምስተኛው ፎቅ ላይ፤
ውሃው አልደረሰ፣ እኔስ ደረስኩ ወይ?»

ባቲ ነው ብዬ ስል መንገዱን ቀየረ፣
አምባሰል ነው ስል እሱንም ተሻገረ፣
ስም በሌለው ቅኝት ውስጥ ገብቶ ተሰወረ።
ለመቅጣት መጥቼ
ተቀጥቼ ቆምሁ።

ልናገር አፌን ስከፍት
ድርግም። መብራት ሄደ።
«ማነው ያጠፋው?» አለች ሲፈን።
«እኔ አይደለሁም!» አልኩ ከደጅ፣ የሥራ አመል ሆኖብኝ።
ሳቁ። ሳቁና ቀጠሉ።

ቤዙ ዲዳ ሲሆን ጉተማ በአፉ ያዘው፤
ክራሩ ሽቦውን ረስቶ ወደ እንጨቱ ተመለሰ፤
የሲፈን ድምፅ፣ ማይኩ ሲያሳክከው የቆየው፣
አሁን ገና ቆዳው ዳነ።
ገብቼ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጥሁ።
ቆጣሪዋ ከራሴ በላይ ቆማለች፤
ያን ሁሉ ነገር
አንዲት ቁጥር ሳትዞር አሳለፈች።

ፎርሙን ገለበጥኩ፤ በጀርባው ልጽፋቸው።
«የባንዱ ስም?»
«ገና አልወጣልንም።»
እንዳለችው ጻፍኩት፦ ገና አልወጣልንም።

ከዚያ ወዲህ ደብተሬ ሁለት ነው።
አንዱ የመሥሪያ ቤቱ። በሌላው፦
የካ አባዶ፣ የጥበቃ ቤት። ጋሽ ዘርጋው፤ አኮርዲዮን።
ሁለት ቁልፍ የለውም፤ በቦታቸው ያስላል።
ገላን፣ ጎሚስታው ጀርባ። ሦስት ጎረምሳ፣
ጎማ እስኪነፋ ድረስ ብቻ የሚዘልቁ ዘፈኖች።
ጀሞ፣ አራተኛ ፎቅ፣ በሩ አልተከፈተልኝም፤
የሆነች ሴት፣ ሕፃን ልታስተኛ መሰለኝ፣
እኔ ግን ነቃሁ።

መስከረም ላይ ብመለስ
ሱቋ የውርርድ ቤት ሆናለች።
ካርቶኑ አልተነሣም፤ የጎሉን ጩኸት ይውጣል።
ቆጣሪዋ ቀንም ሌሊትም ትሮጣለች።
«እነዚያ ልጆች የት ሄዱ?»
«የትኞቹ ልጆች?»

ስልኬ ላይ የቀረችኝ ሁለት ደቂቃ ናት፤
ግማሿ የውሻ ጩኸት።
አንድ ማታ ጋቢና ተቀምጬ
ሾፌሩን ሬዲዮውን ዝጋልኝ ብዬ ለመንኩት።
ሰማ። የኋላ ወንበሩም ሰማ።
መጨረሻ ደርሰን ቆመን
ረዳቱ «መጨረሻ!» ማለት ረሳ፤
ማንም አልወረደም።

«እነማን ናቸው?» አለኝ ሾፌሩ፣ ሞተሩን አጥፍቶ።
«ገና አልወጣላቸውም» አልኩት።